የበቆጂ የሩጫ መንገዶች በከተማዋ ፕላን ላይ ይስፈሩ

ለበቆጂ ከተማ አስተዳደር፣
የከተማዋን ፕላንና መሬት ለምትሠሩ ባለሙያዎች፣
ለወረዳው የግብርና ባለሙያዎች፣
በከተማዋ ዙሪያ ማሳና ባሕር ዛፍ ላላችሁ አርሶ አደሮች፣

ሰላምና ጤና ለሁላችሁም ይሁን።

የምጽፍላችሁ ስለ አንድ ጉዳይ ነው። በበቆጂ ዙሪያ ልጆቻችን የሚሮጡባቸው መንገዶች በከተማዋ ፕላን ላይ «የሩጫ መንገድ» ተብለው ይስፈሩ። ከየት ተነስተው የት እንደሚደርሱ ይለካ። ስፋታቸው ይወሰን። ክረምትና በጋ ማን እንዴት እንደሚጠቀምባቸው ይጻፍ። ስታዲየም አልጠየቅሁም፤ ሐውልትም አልጠየቅሁም። ያለው ቀይ አፈር፣ ያለው የባሕር ዛፍ ጫካ፣ ያለው ሜዳ ነገ ለሚመጡት ሯጮችም ክፍት ሆኖ ይቆይ ነው የምለው።

የከተማዋ ልጅ ነኝ። ልጅነቴን በእነዚህ መንገዶች ላይ ሮጬ አድጌያለሁ። ዛሬ ኑሮዬ አዲስ አበባ ቢሆንም የእህቴ ልጆች እዚያው ናቸው፤ እነሱም ይሮጣሉ። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ከቤት ሲወጡ እግራቸውን የት ላይ እንደሚያሳርፉ ያሳስበኛል።

እዚያው ለምትኖሩት ይህ የምታውቁት ነገር ነው፤ ግን አንዳንዴ ቅርባችን ያለውን ነገር ልኩን እንረሳዋለን። በ2000 ዓ.ም. በቤጂንግ ኦሊምፒክ ኢትዮጵያ 4 የወርቅ ሜዳሊያ አገኘች። ቀነኒሳ በቀለ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለቱን ወሰደ። ጥሩነሽ ዲባባ በሴቶች በተመሳሳይ ርቀቶች ሁለቱን ወሰደች። አራቱም ወርቅ የበቆጂ ነው። በዚያ ኦሊምፒክ አገሪቱ በሙሉ ያገኘችው ወርቅ ከአንዲት ትንሽ የደጋ ከተማ ወጣ ማለት ነው።

ከእነሱ በፊት ደራርቱ ቱሉ ነበረች። በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ 10,000 ሜትር ስታሸንፍ የኦሊምፒክ ወርቅ ያጠለቀች የመጀመሪያዋ ጥቁር አፍሪካዊት ሴት ሆነች። ሲድኒ ላይ ደገመችው። ፋጡማ ሮባ በ1988 ዓ.ም. አትላንታ ላይ የኦሊምፒክ ማራቶን ያሸነፈች የመጀመሪያዋ አፍሪካዊት ናት፤ ከዚያም የቦስተን ማራቶንን 3 ዓመት በተከታታይ አሸነፈች። እጅጋየሁ ዲባባ አቴንስ ላይ ብር አመጣች። ታሪኩ በቀለ ለንደን ላይ ነሐስ አመጣ። ገንዘቤ ዲባባ በ2007 ዓ.ም. ሞናኮ ላይ 1,500 ሜትርን በ3:50.07 ሮጣ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረች።

እነዚህ ሁሉ እግራቸውን ያጠነከሩት ለውድድር በተሠራ የሩጫ መም ላይ አይደለም። አፈር ላይ ነው።

ሰው ሁሉ የበቆጂን ነገር ሲያነሳ መጀመሪያ የሚናገረው ስለ ከፍታው ነው። እውነት ነው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን በባሕር ጠለል ከሚገኘው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ሰውነት ይህን ለማካካስ ቀይ የደም ሴል ያበዛል። ግን ከፍታ ብቻውን ሯጭ ቢያወጣ ኖሮ የደጋ ከተሞቻችን ሁሉ በሜዳሊያ ይሞሉ ነበር። በበቆጂ ሌሎች ነገሮችም ተገጣጥመዋል። እንደ አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ ያለ፣ የስፖርት መምህር ሆኖ ልጆችን በትዕግሥት የሚያሠለጥን ሰው ነበራት። ደራርቱን አይቶ «እኔስ?» የሚል ልጅ ነበራት። ከዚህ ጋር ደግሞ ልጆቹ በየቀኑ ሳይጎዱ የሚሮጡበት መሬት ነበራት። ስለዚህ መሬት ብዙ ሲነገር አልሰማም። ስለዚህ እኔ እሱ ላይ ልቆይ።

ለሯጭ አንድ ዓይነት መንገድ አይበቃውም። የጫካው ሩጫ ለቀላል ቀን ነው። ልጆቹ በሰልፍ፣ አንዱ የሌላውን እግር እየተከተለ፣ በዛፎቹ መሀል ዚግዛግ ይሄዳሉ። ዛፉ ፍጥነታቸውን ይገታል። መሬቱ በቅጠልና በቅርፊት የተሸፈነ ስለሆነ ጉልበትን አያደቅቅም። እግርም በየእርምጃው አቅጣጫ ስለሚቀይር አንድ ቦታ ላይ ብቻ ጫና አይበዛም። ሜዳው ለፍጥነት ልምምድ ነው። ዳገቱ ለጉልበት ነው። ኮሮኮንቹ ለረጅሙ ሩጫ ነው። ከከተማው ወጥቶ ወደ ጭላሎ ወይም ወደ ካካ ተራራ አቅጣጫ የዞረ ልጅ ቀስ እያለ የሚከብድ ዳገት ያገኛል።

ይህ ሁሉ ከቤት በእግር በሚደረስበት ቦታ ነው ያለው። የትራንስፖርት ገንዘብ አይጠይቅም። ቁርሷን ቤሶ በጥብጣ ጠጥታ የምትወጣ የገበሬ ልጅ ሌላው ዓለም ብዙ ገንዘብ ከፍሎ የሚፈልገውን የልምምድ ቦታ ደጇ ላይ በነጻ ታገኛለች። እኔ የበቆጂን ሀብት ሳስብ መጀመሪያ የሚታየኝ ይህ ነው።

አዲስ አበባ መጥታችሁ እዩ። እዚህ ያለ ሯጭ ለስላሳ መሬት ፍለጋ ገና ሳይነጋ በሰርቪስ ወደ ሰንዳፋና ወደ ሱሉልታ ይጓዛል። ክለብ ያለው ሰርቪሱ ይወስደዋል። ክለብ የሌለው ታክሲ ይሳፈራል፤ ለታክሲ የሌለው አስፋልት ላይ ከመኪና ጋር ይጋፋል። በልጅነት ጊዜያቸው ሜዳ የነበረው አሁን ሰፈር ሆኗል ብለው የሚያወሩ አሠልጣኞች ብዙ ናቸው። ከተማ ማደጉ ክፉ ነገር አይደለም። ቤት ያስፈልጋል። ግን ሲያድግ የሩጫ ቦታ ብሎ አስቀድሞ መስመር ያሰመረ ሰው ስላልነበረ፣ ሜዳው ባለቤት የሌለው መስሎ አለቀ።

ዋናው ፍርሃቴ ይኸው ነው። የሩጫ መንገድ ካርታ የለውም፣ አጥር የለውም፣ ጠባቂ የለውም። ሰው ስለሮጠበት ብቻ ነው መንገድ የሆነው። አንድ ሰው አጥሩን ሁለት ሜትር ቢገፋ ሕግ ጥሷል የሚለው አይኖርም። አዲስ መንገድ ሲቀየስ ሜዳው ለሁለት ቢከፈል በወረቀት ላይ ምንም የጠፋ ነገር አይታይም። ክፉ ሰው አያስፈልግም። ሁሉም በቅን ልብ ሥራውን እየሠራ መንገዱ ሊጠፋ ይችላል። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

አሁን ስለ ኮብልስቶን ልናገር፤ ምናልባት አንዳንዶቻችሁን አላስደስት ይሆናል። በብዙ ከተሞች እንዳየነው ኮብልስቶን ጭቃን አስወግዷል፣ ለወጣቶችም ሥራ ፈጥሯል። በክረምት ነጠላ የለበሱ እናቶች ጭቃ ሳይረግጡ ቤተ ክርስቲያን ሲደርሱ፣ አባቶች በንጹሕ ጫማ መስጊድ ሲገቡ ደስ ይላል። ለሯጭ ግን ኮብልስቶን ከአስፋልትም ይብሳል። ድንጋዩ ጠንካራ ነው፣ ወጣ ገባ ነው፣ ሲረጥብ ያዳልጣል፤ ቁርጭምጭሚት ይጠመዝዛል። ስለዚህ ሰፈሮቹ ይነጠፉ፤ ከሰፈር ወደ ጫካና ወደ ሜዳ በሚያወጡት መንገዶች ዳር ግን ሁለት ሜትር አፈር ይተው። አሁን ከአዲስ አበባ ተነስቶ ወደ ክልል ከተሞች እየደረሰ ያለው የኮሪደር ልማትም ሲመጣ ያው ነው። ለእግረኛና ለብስክሌት መስመር ሲሠመር፣ ጎኑ ላይ ያልተነጠፈ የሯጭ መስመር ይታሰብ። ወጪውም ከመንጠፍ ያነሰ ነው፤ አለመንጠፍ ነውና።

የባሕር ዛፉ ነገር ከዚህ ይከብዳል። ምክንያቱም ዛፉ የሰው ንብረት ነው። ለአንድ አርሶ አደር ባሕር ዛፍ ማለት የልጅ ትምህርት ቤት ወጪ ነው፣ የቤት ክዳን ነው፣ ለክፉ ቀን የተቀመጠ ገንዘብ ነው። «ልጆች ይሮጡበታልና አትቁረጥ» ልለው አልችልም፤ ማንም ሊለው አይገባም። ግን ባሕር ዛፍ ተቆርጦ እንደገና ከጉቶው ያቆጠቁጣል። የሚያስፈልገው መነጋገር ነው። የአንድ አካባቢ ጫካ በአንድ ዓመት ሁሉም ከሚቆረጥ በተራ ቢሆን፣ ሯጮቹ ሁልጊዜ የቆመ ጫካ ያገኛሉ። በሩጫው መስመር ላይ ያለው ጉቶ ደግሞ እስከ አፈሩ ድረስ ዝቅ ተደርጎ ቢቆረጥ ብዙ እግር ይተርፋል። በሣር የተሸፈነ ጉቶ ስንት ተስፋ ያለው ልጅ እንዳስቀረ አሠልጣኞቹን ጠይቁ። ቅርንጫፉን ማንሳትና መንገዱን መጥረግ የሯጮቹ ሥራ ይሁን። ጠንካራ ልጆች ናቸው፤ በቁረጣው ቀን ሸክም ቢያግዙ ባለ ዛፉም ይጠቀማል።

ማሳውም እንዲሁ ስምምነት ይፈልጋል። ከታኅሣሥ በኋላ ስንዴውና ገብሱ ሲነሳ ማሳው ይከፈታል፤ ልጆች ቃርሚያው ላይ ቢሮጡ ማንም አይጎዳም። ክረምት ላይ ግን ዘር ላይ መሮጥ የሰው እንጀራ መርገጥ ነው። ያየሁትን ልናገር፤ ጭቃ ሲበዛ ሯጭ የማሳውን ዳር ይይዛል፣ ዳሩ ሲጨቀይ ወደ ውስጥ ይገባል፣ በሦስተኛው ሳምንት ገብሱ መሀል መንገድ ይወጣል። አርሶ አደሩ ቢቆጣ እውነት አለው። መፍትሔው የክረምት መንገድና የበጋ መንገድ ለይቶ መወሰን ነው። የክረምቱ መንገድ በድንበርና በመስኖ ቦይ ዳር፣ ውሃ በማይተኛበት ቦታ ይሁን። የማሳው ባለቤት መሬቱ እንዳልተወሰደበት በጽሑፍ ይረጋገጥለት። በሕገ መንግሥቱ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ቢሆንም የመጠቀም መብቱ የእሱ ነው፤ ይህ ሳይከበር የሚሰመር የሩጫ መንገድ ዕድሜ አይኖረውም።

ከክረምቱ ጋር ጎርፍ ይመጣል። ሯጭ ሲደጋግም መሬቱን ያጎደጉደዋል፤ ውሃ ደግሞ የጎደጎደውን ይወዳል። ዳገት ላይ ያለ መንገድ በጥቂት ዓመት ቦረቦር ይሆናል። ከዚያ በኋላ ሯጩ ጎኑን ይረግጣል፣ ቦረቦሩም ይሰፋል። የግብርና ባለሙያዎች ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በየዓመቱ በበጋ ሕዝቡ ወጥቶ የተፋሰስ ሥራ ይሠራል፤ እርከን ይሠራል፣ ውሃ ይቀለበሳል። ከዚያ ዘመቻ ጥቂት ቀን ለሩጫ ዳገቶቹ ይሰጥ። በየተወሰነ ርቀት ውሃውን ወደ ጎን የሚያወጣ አግድም ቦይ፣ ዳሩ ላይ ሰርዶ፣ ሌላ ብዙ አይፈልግም። አረንጓዴ አሻራም ሲመጣ ችግኝ የሚተከልበት ቦታ ከመመረጡ በፊት አሠልጣኞች ይጠየቁ። ባዶ የሚመስለው ሜዳ ላይ በየጠዋቱ ዙር የሚሠሩ ልጆች አሉ። ችግኙ ከሜዳው ዙሪያ ቢተከል ጥላና የንፋስ መከላከያ ይሆናል፤ መሀሉ ላይ ቢተከል ግን ሜዳው ያበቃለታል።

ስለ ሴት ልጆች ለብቻው ልናገር። ከላይ ከጠቀስኳቸው ስሞች የሚበዙት የሴት ስሞች ናቸው። ልጅቷ ከትምህርት ቤት በፊት ለመሮጥ ጨለማ ውስጥ መውጣት አለባት። ጅብ አለ፤ የማይታሰር ውሻ አለ፤ የሰውም ክፋት አለ። ወላጅ «አትሂጂ» የሚለው ሩጫ ጠልቶ ሳይሆን መንገዱን ፈርቶ ነው። ከሰፈር እስከ ጫካው መግቢያ ድረስ መብራት ቢኖር፣ በመንገዱ ዳር ያለው ቁጥቋጦ ቢመነጠር፣ ውሾች እንዲታሰሩ ለነዋሪው ቢነገር፣ ሴቶች በቡድን የሚነሱበት ሰዓትና ቦታ ቢታወቅ ብዙ ወላጅ ልቡ ያርፋል። ከዚህ ደብዳቤ ውስጥ ሌላው ሁሉ ቢዘገይ እንኳ ይህ እንዳይዘገይ እለምናችኋለሁ።

አስፋልቱንም አልረሳሁም። ከአሰላ ወደ ዶዶላ የሚያልፈው መንገድ ለከተማዋ ብዙ ጥቅም አምጥቷል። ግን እህል የጫነ አይሱዙና ሚኒባስም በፍጥነት ያልፍበታል። ሯጮች የሚሻገሩበት ቦታ ላይ የፍጥነት መቀነሻና ምልክት ይደረግ። ምልክቱ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይጻፍ፤ የሚሮጥ ልጅ ሥዕልም ይኑረው፤ ከሩቅ የሚመጣ ሹፌር ሥዕሉን ቶሎ ይረዳል።

«መም ይሠራልን» የሚል ጥያቄ በከተማችን ሲነሳ ኖሯል። ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም እደግፈዋለሁ። ለፍጥነት ልምምድና ለውድድር መም ያስፈልጋል። ግን አንድ የረጅም ርቀት ሯጭ ከሳምንቱ ሩጫ አብዛኛውን የሚሠራው ከመም ውጪ ነው። መም ተሠርቶ ጫካው ቢጠፋ ልጆቹ ጉዳት ይበዛባቸዋል። መሙ በጀት እስኪያገኝ ይጠብቅ፤ መንገዶቹ ግን መጠበቅ አይችሉም። ገንዘብ ሲገኝ መም በማንኛውም ጊዜ ይሠራል። አንዴ ቤት የተሠራበትን ሜዳ ግን በገንዘብ አንመልሰውም።

እንግዶች ስለሚያመጡት ገቢም ይነሳ ይሆናል። በኬንያ ኢቴን የምትባል 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ከተማ አለች። ሯጯ ሎርና ኪፕላጋት እዚያ የልምምድ ማዕከል ከፈተች፤ ዛሬ ከመላው ዓለም ሯጮች መጥተው ከአካባቢው ልጆች ጋር በቀይ አፈር ላይ ይሮጣሉ፣ ያድራሉ፣ ይበላሉ፣ ይከፍላሉ። በቆጂ ከኢቴን ከፍ ትላለች፤ የአርሲ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክም ጎረቤቷ ነው፤ ደጋ አጋዘን ያለበት ተራራ ነው። እንግዳው ቢመጣ ደስ ይለኛል። ግን መንገዱ ለእንግዳ ተብሎ ታጥሮ ልጆቹ ከውጭ እንዲያዩት አልፈልግም። ልጆቹ ይቅደሙ።

የአገራችን የከተማ ፕላን አሠራር ከከተማ ቦታ 30 በመቶ ለመንገድ፣ 30 በመቶ ለአረንጓዴና ለክፍት ቦታ፣ 40 በመቶ ለግንባታ እንዲሆን ይመክራል። የሩጫ መንገዶቹ ከሁለቱ 30ዎች ውስጥ ሊገቡ ይችላሉ። ስለዚህ የምጠይቀው ነገር ከአሠራሩ ውጪ አይደለም። ከከተማው ወሰን ውጪ ያለው ክፍል ደግሞ ከወረዳው ጋር በስምምነት የሚሠራ ነው፤ ለዚህም ነው ደብዳቤዬን ለሁላችሁም የጻፍኩት።

ሥራው ከባድ አይደለም። እህሉ ተወቅቶ ካበቃ በኋላ፣ ጥር ላይ፣ መንገዶቹ ደረቅ ሲሆኑ አንድ ቡድን ይውጣ። አንድ የፕላን ባለሙያ፣ አንድ የግብርና ባለሙያ፣ ሁለት አሠልጣኞች፣ የአካባቢው ሽማግሌዎች፣ መሬታቸው የሚነካ አርሶ አደሮች፣ ከሯጮቹም ሴትና ወንድ ይኑሩበት። መንገዶቹን በእግር ይዙሩ። የስልክ ጂፒኤስ ይበቃል። የትኛው መንገድ የት እንደሚሄድ ይመዝገብ፤ የሚያጣላው ቦታ እዚያው ይነሳ፤ ስምምነቱ ይፈረም። ከዚያ ካርታው በፕላኑ ላይ ይጨመርና ኮፒው በየትምህርት ቤቱ ይለጠፍ። የቡድኑን ምሳና ውሃ እኛ በአዲስ አበባ የምንኖር የከተማዋ ልጆች ተዋጥተን እንችላለን፤ አብረን ለመዞርም እንመጣለን። የትኞቹ መንገዶች ቀድመው መታየት እንዳለባቸው አሠልጣኞቹ ያውቃሉና መጀመሪያ እነሱን ጥሩ።

መልሳችሁን በከተማዋ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ብትለጥፉት ሯጮቹም ወላጆቹም ያነቡታል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
የበቆጂ ልጅ፣ ከአዲስ አበባ